የመኪና ቆጠራው ሰሞን

መጋቢት 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ ትህትና ናት። «ጋሼ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ከምታወራው ግማሹን እዚህ ጻፈው፤ መንገደኛውም ይረፍ» አለችኝ። አስተማሪ ስለሆነች ደብተር አይቸግራትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ የተቀደደ ስለነበር ብዙ ነገር የማውቀው እስከ መሃሉ ድረስ ነው።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ሱቄ መካነ ሰላም መሃል፣ ዋናው መንገድ ዳር ናት። በግራዬ የሳዲቅ ሻይ ቤት አለ። መቶ እርምጃ ወደ ታች ሲወረድ ትህትና የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ይገኛል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሲኖም ሆነ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው ተሳቢ በሦስታችን ፊት ሳያልፍ የትም አይደርስም። እኔና ሳዲቅ በዚህ እንበላለን። ትህትና በዚህ ትከሳለች። በቀን አራት ጊዜ ቀይ ጨርቅ ይዛ መሃል መንገድ ላይ እየቆመች ሰባት መቶ ልጅ ታሻግራለች።

ቤቴ ከሱቁ ጀርባ ነው። እሷም እዚያው ከእኔ ጋር ናት። ለዛሬ ይበቃል፤ አይሱዙ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

መጋቢት 9

ወሬው እውነት ሆነ። የጭነት መኪና ከተማ ሳይገባ በውጭ በኩል የሚዞርበት መንገድ ሊሠራ ታስቧል። በወረቀት ላይ ባይፓስ ይሉታል። እኛ «ዙሪያው መንገድ» ብለነዋል። ትህትና ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች። ዛሬ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ደስ አላለህም?»

«በጣም» አልኳት።

ሳዲቅ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። እሷ እስክትገባ ጠብቆ «ኪዳኔ፣ መኪናው በዙሪያው ሲሄድ አንተ ምን ልትነፋ ነው?» አለኝ።

«አንተን።»

ሳቅን። እሱ ረመዳን ይዟል፣ እኔ ሁዳዴ። በባዶ ሆድ የሚሳቅ ሳቅ ድምፁ ይለያል።

መጋቢት 11

ኢልሀም የምትባል ወጣት ኢንጂነር ከደሴ መጣች። ነገሩን ስታስረዳ ረጋ ብላ ነው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት መኪና ይቆጠራል። ከመጋቢት 24 ጀምሮ ሰባት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት። ብዙ ከተቆጠረ መንገዱ ይሠራል። ጥቂት ከተቆጠረ ወረፋው ለሌላ ከተማ ያልፋል።

ትህትና «ለቆጠራ እንደ አጎቴ የሚሆን የለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በድምፁ ይለየዋል» አለቻት። ኢንጂነሯ በሰው ወሬ የምታምን አይደለችም። ዓይኔን አስጨፈነችኝ።

«ይሄ ሲኖ ነው። ባዶውን ነው። የኋላ ቀኝ ጎማው ንፋስ አንሶታል» አልኩ።

ሾፌሩን አስቆመችው። ሦስቱም ልክ ነበር። ጎማውንም ሞላሁለት።

እንዲህ ሆኖ ሱቄን የሚዘጋውን መንገድ ቆጣሪ እኔ ሆንኩ። በማንም አልፈርድም፤ እሺ ያልኩት ራሴ ነኝ።

መጋቢት 17

ዛሬ ስብሰባ ነበር። ዝናብ ስለያዘ ሥራ የለም፤ በሰፊው እጽፋለሁ።

በከተማችን እንግዳ ሲመጣ የአቀባበል ኮሚቴ ይቋቋማል። ማን እንደሚያቋቁመው አይታወቅም፤ ብቻ ተቋቁሞ ይገኛል። ሰብሳቢው ያለው የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ሰው ለማክበር ሲል ራሱን የሚረሳ ደግ ሰው ነው፤ ባለፈው ጊዜ ለእንግዳ ብለን የመንገዱን ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ስንቀባ የገዛ ሱሪውን አብሮ ቀብቶታል። ያን ዕለት አህያ እንኳ በጓሮ ነበር የተነዳችው።

ያለው ተነሳና «ወገኖቼ፣ መንገዱን የሚሰጡን ሰዎች ሊያዩን ነው። እንዴት እንቀበላቸው?» አለ።

አንዱ ኖራ አለ። አንዱ ጽዳት አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። «መንገዱን ጠርገን፣ ይሄን አቧራ የሚያቦን ጭነት መኪና ከከተማ ውጭ አሳርፈን ነዋ! እንግዳ በአቧራና በጡሩምባ ይቀበሉታል?» አልኩ።

ቤቱ ሳቀ። ሳዲቅም ሳቀ። ያለው አልሳቀም፤ ጻፈ።

ቀልድ ነበር።

መጋቢት 19

ያለው የምሩን ነው። በከተማው በሁለቱም ጫፍ፣ በአቀስታ በኩልና በዓባይ በኩል ዳስ ሊጣል ነው። የመጣው ሾፌር ሁሉ «ደከመህ፣ እረፍ» ይባላል። ሻይ ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ከመሸ ይለቀቃል። በግድ አይደለም፤ በልመና ነው። የእኛ ሰው ልመና ደግሞ ከገመድ ይጠነክራል።

ልነግረው ሄድኩ። «ያለው፣ ያ ያልኩት ነገር...» ስል «ጋሽ ኪዳኔ፣ ሐሳብህ ወርቅ ነው!» ብሎ አቀፈኝ። የታቀፈ ሰው መናገር ይከብደዋል። ተመለስኩ።

በመንገዴ ያገኘኋቸውን ሦስት ሰዎች «መኪና ሊቆጠር መኪና ማስቆም ምንድን ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ሁሉም ግን የሚያወሩት ስለ አደብ ነው። ከተማው ይፈተናል፣ ጨዋ ሆኖ ከተገኘ መንገዱ ይሰጠዋል ብለው ያምናሉ። ቁጥሩንማ መንግሥት ያውቀዋል ይላሉ።

ቀልድ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሲስቁ አይቻለሁ።

መጋቢት 22

ኢድ ትናንት ነበር። ሳዲቅ ቤት በላሁ፤ ማለት ጾመኛ ስለሆንኩ ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ተሠርቶልኝ። ሚስቱን «ይሄን ሰውዬ ፍቺውና እኔን አግቢ» ስላት ዓመት በዓሉን ሁሉ የምትመልሰውን መለሰችልኝ፤ «አንተን ከማገባ ጎማ አቅፌ ብተኛ ይሻላል።»

ትህትና ዛሬ ለሥልጠና ወደ አቀስታ ሄደች። አሥር ቀን ትቆያለች። መኪናው መስኮት ላይ ሆና «ጋሼ፣ አንድ እንዳያመልጥህ!» አለችኝ።

«አንድም» አልኳት።

ዳሱን አላነሳሁባትም። ገና አልተተከለም።

መጋቢት 24

ቀን አንድ። አይሱዙ 9። ሲኖ 4። ተሳቢ 1፤ ሾፌሩ ልመናውን እምቢ ያለ ነው፣ ትግሬ ይሁን ጎጃሜ አላውቅም፣ ብቻ ቸኩሏል። ባጃጅ አይቆጠርም። አህያም። ድምር 14።

በሌላ ቀን ይሄ የጧት አንድ ሰዓት ሥራ ነው።

መንገዱ ግን ያምራል። ከማዶው ያለውን ሱቅ ማስታወቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

መጋቢት 25

ድምር 11። ያየሁትን ጻፍኩ። አንድ ፊደል አልዋሸሁም።

መኪኖቹ ሌሊት ተለቀው ሲያልፉ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። 118። ቅጹ ግን የቀን ብቻ ነው።

መጋቢት 27

ምሳ ሰዓት ላይ በአቀስታ በኩል ያለውን ዳስ ላየው ሄድኩ። ሰባ መኪና ሜዳው ላይ ተደርድሯል። ሾፌሮቹ ቄጠማ ላይ ተጋድመዋል። አንድ የወልድያ ሾፌር «አባት፣ እንዲህ ያለ ከተማ አይቼ አላውቅም። በሌላው አገር ‹ዞር በል› እንባላለን። እናንተ ግን ትመርቁናላችሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዱአ እያደረጉላቸው ነበር።

ሳዲቅ ሻዩን በትልልቅ ፔርሙዝ አምጥቶ ይቀዳል። ኮሚቴው ለምኖት ነው። ወደ ጎን ሳበኝ።

«ኪዳኔ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው?»

«ምኑ?»

«የሚቆጠረው መኪና አይደለም እንዴ? መኪናው ደግሞ ይኸውልህ፣ እዚህ ተኝቷል።»

ከከተማው ሰው ሁሉ ይህን ያሰበ እሱ ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው።

«አንተ ሻይህን ቅዳ» አልኩት።

ቀዳ።

መጋቢት 28

12። የሌሊቱ 131።

መጋቢት 29

ዝናብ። 8። የሌሊቱ 97። ብዙ አልተኛሁም።

መጋቢት 30

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ኢንጂነሯ ቅጹን ልትወስድ መጣች። ሰባቱን ገጽ አገላበጠች። እንደገና አገላበጠች።

«ጋሽ ኪዳነማርያም፣ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ስገባ ከከተማው ውጭ ብዙ መኪና ቆሞ አየሁ። ሾፌሮቹ እዚያ ያርፋሉ እንዴ?»

«ያርፋሉ» አልኩ።

ያርፉ ነበር። ቃሉ በራሱ ምንም ሐሰት የለበትም። ሻይ ጋበዝኳት፤ እቸኩላለሁ ብላ ሄደች። ዳሱ ማታውኑ ፈረሰ። ቋሚዎቹን ያለው በክብር አስቀመጣቸው፤ ለሌላ እንግዳ።

ሚያዝያ 2

ትህትና ተመለሰች። መጀመሪያ የጠየቀችው «ስንት ሆነ?» ነው። «ኢንጂነሯ ወስዳዋለች» አልኳት። ይህም ሐሰት የለበትም። ሐሰት የሌለባቸው ነገሮች እየበዙብኝ ነው።

ጧት ወጥታ ቀይ ጨርቋን ይዛ ቆመች። ከሱቄ ሆኜ ስመለከታት ተሳቢው ሲያልፍ ነጠላዋ ይነሳል።

ሚያዝያ 9

ተነገረ። በስልክ ነው የተነገረው፤ ደብዳቤው ይከተላል ተብሏል። የመካነ ሰላም የጭነት መኪና ቁጥር ለዙሪያ መንገድ አያበቃም። ወረፋው አልፏል። ምናልባት ከአምስት ዓመት በኋላ።

ያለው ሱቁን ዘግቶ አለቀሰ ይባላል። «እንዲያ አክብረናቸው!» እያለ።

ትህትና አላለቀሰችም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ቆየችና ቀና ሳትል «ጋሼ፣ በቀን አሥራ ሁለት?» አለች።

«ወቅቱ ይሆናል» አልኩ። «ሾፌሮችም ይጾማሉ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን የምትስቅበት ጥሩ ቀልድ ነበር።

ሚያዝያ 15

ፋሲካ አለፈ። ሳዲቅ እንደ ልማዱ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ መጣ፤ በሙክቱ ተሳለቅን፤ ግን ቶሎ ተነሳ።

ከተማው ጥፋተኛ እየፈለገ ነው። ትህትና የዳሱን ነገር ሰምታለች፤ አሁን ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም ገብቶታል፣ ሁሉም «እኔማ ያን ጊዜውኑ ጠርጥሬ ነበር» ይላል። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ማን አሳሰበ?» ነው። ዛሬ ከጸጉር ቤቱ ደጃፍ እንዲህ ሲባል ሰማሁ፤ «መኪናው ቢቀር ማን ይጎዳል? ሻይ ቤቱ አይደለም? ሻዩንስ ማን አቀረበ?»

ሳዲቅ ቤት ቁርስ ላይ ሦስት ሰው ነበር። አንዱ እኔ ነኝ።

የእኔን ስም ማንም አላነሳም። ያን ቀን ከኋላ ሆኜ ያልኩትን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ሲያስታውሱትም እንደገና ይስቃሉ። የእኔ ንግግር ለቁም ነገር አይቆጠርም። ለዚህ ሠላሳ ዓመት ደክሜያለሁ።

ሚያዝያ 21

ይህን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አስውበዋለሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሲኖ ሱቄ ፊት ቆመ። የፊት ጎማው ተንፍሷል። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ፊቱ ነጥቷል። ክሪኩን እያስገባሁ «ስፖኪዮህን ምን በላው?» አልኩት። የቀኝ መስታወቱ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

«አንዲት ሴት ሰበረችው።»

«በምን?»

«በክንዷ።»

ሳቅሁ። «ያቺን ሴት አሳየኝና ለክሪክ እቀጥራታለሁ» አልኩ። እሱም ሳቀ፤ መሳቅ የሚፈልግ ሰው ሳቅ ነበር። ጎማውን ለጠፍኩለት፣ ብሎኑን አጠበቅሁለት፣ መረቅሁት፣ ሸኘሁት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳዲቅ ከታች እየሮጠ መጣ። ሳዲቅ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ወገቡን ያመዋል። «ትህትና ናት» አለ። «ሁለት ሕፃናት ወደኋላ ስትገፋ ነው። እጇ ነው። አትደንግጥ፣ እጇ ብቻ ነው።»

ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቀኙ። ልጆቹ ደኅና ናቸው።

እኔ ጎማ ስለጥፍ፣ ኮምፕረሰሩም ሲጮህ፣ ሆስፒታል ወስዶ ያደረሳት ሳዲቅ ነው። እኔ ስደርስ በጄሶ ታስሯል። «መኪናው ቆሞ ነበር?» አለችኝ። «ሾፌሩን ያየው ሰው አለ?»

አላውቅም አልኳት። ይሄኛው ሐሰት አለበት።

ሚያዝያ 23

ብሎኑን ጥሩ አድርጌ ነበር ያጠበቅሁለት። ለምን ይሄን እንደማስብ አላውቅም።

ቀይ ጨርቁን አሁን ሌላ አስተማሪ ይዞ ይቆማል። ወፍራም ነው፤ ከእሷ ይሻላል፣ ከሩቅ ይታያል። ሾፌሮች ግን ለእሱም አይቆሙም።

ሳዲቅ ዛሬ ሻይ ቤቱን በአራት ሰዓት ዘጋ። የሚጠጣ የለም። «አርፋለሁ» አለኝ። «እንደ ሾፌሮቹ።» ፊቴን እያየ ነበር።

ሚያዝያ 24

እሁድ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ከብት ሲሰረቅና ሰው ሲገደል ነበር የምናውቀው። አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ ዝም ያለ ከጥፋተኛው ጋር ይቆጠራል። ለመኪና ቆጠራ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። «ቆጠራውን ማን አበላሸ?» ነው ጥያቄው።

ሳዲቅ እንዲመጣ ለይተው ላኩበት።

ሚያዝያ 26

ዳኛው አባባ ዋለ ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ማለ። ትህትና እጇን አንገቷ ላይ አስራ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች።

ያለው መጀመሪያ ተነሳ። «እኔ የስብሰባውን ሐሳብ ነው የፈጸምኩት» አለ።

«ሐሳቡን ያመጣውስ?» አሉ አባባ ዋለ።

«ስብሰባው።»

ስብሰባው መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንዱ «ሻይ ያቀረበው ይጠየቅ!» አለ። ሌሎችም ተከተሉ።

ሳዲቅ ተነሳ። «ሻይ ቀድቻለሁ። ለምናችሁኝ ነው። ስኳሩንም አላሳነስኩባችሁም። ሌላ የማውቀው የለም» ብሎ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። «ኪዳኔን ጠይቄው ነበር» ቢል ይበቃው ነበር። አላለም። ሙሉ መሐላ ምሎ፣ በዲኑ ምሎ፣ ስለ እኔ ሲል አንድ ነገር ዋጠ።

ተነሳሁ።

«ሐሳቡ የእኔ ነው» አልኩ።

ሳቁ። «ኧረ ኪዳኔ፣ ዛሬ እንኳ ተወን!» አለ አንዱ። «ያን ቀልድህን ሰምተነዋል!»

«ቀልድ አልነበረም።»

ይበልጥ ሳቁ። አባባ ዋለ ራሳቸው ከንፈራቸውን በጋቢ ሸፈኑ። በእግሬ ቆሜ ጥፋቴን እናገራለሁ፣ አገሩ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሦስተኛ ጊዜ ልል አፌን ስከፍት ትህትና ተነሳች። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ» አለች፣ «አንተ ሌሊት ያለፈውን ሳትቆጥር እንደማትተኛ አውቃለሁ። ስንት ነበር?»

ተናገርኩ። መጀመሪያው ሌሊት 109። ሁለተኛው 118። 126። 120። 131። 97። የመጨረሻው 122። በእያንዳንዱ ቁጥር ሳቁ ከአንዱ ጥግ እየጠፋ ሄደ።

«ቀን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው» አልኩ። «ያለው ሲጽፍ አይቻለሁ፣ ዝም አልኩ። ሳዲቅ ነግሮኝ ነበር፣ ‹ሻይህን ቅዳ› አልኩት። ኢንጂነሯ ጠየቀችኝ፣ ‹ያርፋሉ› አልኳት። መኪናው ከቀረ ሱቄ እንደምትዘጋ አውቄ ነው። እጇን የሰበረውንም ሰው ጎማ የሠራሁለት እኔ ነኝ። ስቄ ነው የሸኘሁት።»

የመጨረሻውን ለመናገር አላሰብኩም ነበር። አውጫጭኝ ላይ አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ተከትሎ ይወጣል።

አባባ ዋለ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ነው» አሉ። «እንግዳ ልናከብር ብለን ልጆቻችንን ረሳን። ሁላችንም ነን። አንተ ግን ዓይንህ እያየ ነው።» ፈረዱ። ደሴ ሄጄ ለኢንጂነሯ በገዛ አፌ እንድናገር። ሳዲቅን በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ።

ድንጋይ ተሸክሜ ፊቱ ቆምኩ። «አፉ በለኝ» አልኩት።

«ድንጋዩን አውርድ፣ ወገብህን ትሰበራለህ» አለ። «አፉ ብያለሁ። ግን እስከ ክረምት ድረስ እንዳትቀልድብኝ።»

ከባድ ቅጣት ነው።

ሚያዝያ 27

ትህትና «እርስዎ» ማለት ጀመረች። «ራትዎ ቀርቧል።» ከስድብ ይብሳል።

ሚያዝያ 29

ደሴ ደርሼ ተመለስኩ። ኢንጂነር ኢልሀም ቢሮዋ ውስጥ አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ጨርሼ ስቆም «ስገባ ያየኋቸውን ሾፌሮች እኔም ራሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ደግማ ለመቁጠር አለቆቿን መለመን እንዳለባት፣ እምቢ ሊሉ እንደሚችሉ፣ በዚህኛው ግን ራሷ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ነገረችኝ።

«እኔስ ምን ላግዝ?» አልኳት።

«ምንም» አለች።

ትክክል ናት።

ግንቦት 3

ተፈቀደ። ከግንቦት 7 እስከ 13። የመጨረሻ ዕድል ነው ተብሏል።

ያለው ወዲያው ኮሚቴ ሊያቋቁም ተነስቶ ነበር። ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ አስቀመጠው።

ግንቦት 5

ትህትና በግራዋ መጻፍ አልቻለችም። የተማሪ ውጤት የማስገቢያ ጊዜ ደግሞ ደርሷል። ሳትለምነኝ መዝገቡን ፊቴ አስቀመጠችው፣ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ፣ እሷ እየጠራች እኔ እጽፍ ጀመር። አርባ ሦስት ልጅ ጻፍን። ከስም በቀር ቃል አልተነጋገርንም። ሲያልቅ መዝገቡን አንስታ አየችው።

«ፊደልህ ያስጠላል» አለች።

«ፊደልዎ» አላለችም። ወጥቼ ኮምፕረሰሩን ያለ ምክንያት አስነሳሁት።

ግንቦት 7

ኢንጂነሯ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ወንበር አስቀመጠች። ትህትና ክፍል በሌላት ሰዓት አጠገቧ ትቀመጣለች። እኔ ሱቄ ነኝ። አልጠጋም።

ጧት የመጣው የወልድያ ሾፌር «አባት፣ ዳሱ የት ሄደ?» አለኝ። «ደግነታችን አልቋል፣ ቀጥል» አልኩት።

ግንቦት 10

መኪናው እየመጣ ነው። ድምፁን እሰማለሁ፤ አልቆጥርም። ለመቁጠር ያልተፈቀደለት ሰው ጆሮው ምን ይሠራል? ሰው ሁሉ ለሾፌር እጁን እያወዛወዘ «ግባ! ግባ!» ይላል። ሾፌሮቹ ከተማው አብዷል ብለዋል።

ሳዲቅ ቤት ዛሬ መቀመጫ ጠፋ። ያ ጸጉር ቤት ደጃፍ የነበረው ሰውም መጥቷል። ሳዲቅ ሻይ ቀዳለት። ስኳር ግን ረሳለት። ሁለት ጊዜ ረሳለት።

ግንቦት 13

የመጨረሻው ቀን። ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከዓባይ በኩል ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እያነከሰ መጣና ሱቄ ፊት ቆመ። ሁለት ጎማ።

ሾፌሩ ወረደ፣ ተንጠራራ። «አባባ፣ ቀስ ብለህ ሥራው። ዛሬ እዚሁ ነው የማድረው» አለ።

ሰዓቴን አየሁ። የቆጠራው ወንበር ከእኔ በታች መቶ እርምጃ ላይ ነው። ቆጠራው አሥራ ሁለት ላይ ይዘጋል። ሱቄ ፊት ያደረ መኪና አልመጣም ማለት ነው።

«እዚህ አታድርም» አልኩት።

«ለምን?»

ምክንያት ስፈልግ ሳዲቅ ከበሩ ሆኖ «ትኋን አለ» አለው። ያማው የገዛ ወንድሙን አልጋ ቤት ነው።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሳዲቅ ወገቡን እያመመው ክሪኩን ያዘልኝ። ሾፌሩ ራት ልብላ ሲል ሳዲቅ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ እጁ ላይ አስቀመጠለትና «ከከተማው ወጥተህ ብላው፣ አየሩ ጥሩ ነው» አለው። ራት የጠየቀ ደንበኛ የሚያባርር ሻይ ቤት በዓለም ላይ ይህ ብቻ ይሆናል።

አንደኛው ጎማ አለቀ። ሁለተኛውን ስነፋ እንዲህ አሰብኩ፤ ዙሪያው መንገድ ከተሠራ ይህ ሰው ሱቄን ዳግም አያያትም። ሱቄም የምትኖር አይመስለኝም። ንፋሱን ሞላሁ።

አሥራ ሁለት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው «ጨርሻለሁ፣ ውጣልኝ» አልኩት። እየተሳደበ ተነሳ። እኔና ሳዲቅ መሃል መንገድ ወጥተን ከኋላው ቆምን።

ተሳቢው ወንበሩ አጠገብ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ትህትና ግራ እጇን አነሳች። ለእኔ መስሎኝ እኔም አነሳሁ። ለሾፌሩ ነበር። ለፈተና ጥናት የቆዩ ልጆች ከበሩ እየወጡ ነው።

መኪናው ቆመ። ፍሬኑ ሲተነፍስ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

ልጆች ሲቸኮልላቸው አይቸኩሉም። አንዱ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ። ሳዲቅ «ያ አላህ» አለ በሹክሹክታ። ሰዓቴን ላለማየት እጄን ኪሴ ከተትኩ። ትህትና እጇን አላወረደችም፤ የመጨረሻው ልጅ ማዶ እስኪደርስ፣ ከዚያም ወደኋላ ዞራ ሌላ አለመኖሩን እስክታይ ድረስ።

ከዚያ አወረደችው። ተሳቢው አለፈ። ኢንጂነሯ ጎንበስ ብላ አንድ ጭረት አሰመረች።